ጽሕፈት ቤቱ በስታዲየም፤ ሠራተኛው በደብረ ብርሃን

በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ፣ ከለገሀር እስከ መስቀል አደባባይና እስከ ካዛንቺስ ባለው ሠፈር፣ የአስመጪና የላኪ ጽሕፈት ቤቶች ተጠጋግተው የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። የጂቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ/ም አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ዕቃ የሚራገፈው በለገሀር ስለ ነበር፣ ነጋዴውም ጸሐፊውም ትራንዚተሩም ከጣቢያው በእግር በሚደረስበት ሥፍራ መቀመጥ ይበጃቸው ነበር። ጭነት መድረሱን ለማወቅ ተላላኪ መስደድ ብቻ ይበቃ ነበርና።

ዛሬ ግን አሮጌው መስመር ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ማምጣቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ/ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ወደ ለገሀር አይገባም። ኮንቴይነር የሚጠበቀው በሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም በቃሊቲ ነው። ለገሀርና ስታዲየም የከተማው ቀላል ባቡር ፌርማታ ሆነዋል፤ በዚያም የሚወርደው ሰው እንጂ ጭነት አይደለም። እንግዲህ ዕቃው ከሠፈሩ ከወጣ፣ የዕቃውን ወረቀት የሚጽፈው ሠራተኛ ስለ ምን በዚያው መቅረት እንዳለበት ብዙ የንግድ ቤቶች መጠየቅ ጀምረዋል።

ጥያቄውን ያጠነከረው የኑሮ ነገር ነው። በ2017 ዓ/ም መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈር በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲነሣ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። በእግሩ ወደ ስታዲየም ይመጣ የነበረ ጸሐፊ ዛሬ ጧትና ማታ ትራንስፖርት መጠበቅ ግዴታው ሆኗል። በ2016 ዓ/ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲደረግና አከራዩ እንደ ፈቀደ ዋጋ እንዳይጨምር ቢደነግግም፣ ይህ የሚጠቅመው ቤት ይዞ ለሚኖረው ነው። አዲስ ቤት ፈላጊው ግን አከራዩ በመጀመሪያ ከሚጠራው ዋጋ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለመንገድ የሚያልቅበት ሠራተኛ ደግሞ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ካልተጨመረለትም ሥራውን ይለቃል። ሥራ የለመደ ጸሐፊ የለቀቀበት የንግድ ቤት የሚደርስበትን ጉዳት ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሩቅ ሆኖ መሥራት ለአገራችን ንግድ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ/ም የሐረር የስልክ መስመር ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፣ ነጋዴ ፊቱን ካላየው ሰው ጋር መነጋገርን ሲለምድ ኖሯል። ቡና ላኪዎች በጅማና በዲላ ወኪል አስቀምጠው በቃል መተማመን ሲነግዱ ኖረዋል። በሚያዝያ 2000 ዓ/ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና በ2001 ዓ/ም ቡና ወደዚያ ሲገባ፣ ገዢው ከረጢቱን ሳይከፍት የመጋዘን ደረሰኙን ብቻ አይቶ መግዛት ጀመረ። ያን ጊዜ ብዙዎች «ያላየሁትን ቡና እንዴት እገዛለሁ?» ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ገዙ። በመጋቢት 2012 ዓ/ም የኮሮና በሽታ ወደ አገር በገባ ጊዜም ሠራተኛ በቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ግድ ሆነ፤ አንዳንዱ የንግድ ቤት የሒሳብ መዝገቡ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ሊጻፍ እንደሚችል ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። አዲሱ ነገር ወኪል ማስቀመጡ ሳይሆን፣ የዋናው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ራሱ በክፍለ ሀገር ከተማ መኖሩ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ከተማ ቢፈለግ ደብረ ብርሃን ይቀርባል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ጧት የተነሣ ሰው ሥራውን ጨርሶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ብርዱ የታወቀ ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካውም ያለ ቦታው አልተተከለም። የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ዩኒቨርሲቲ ያሉት የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ምሳ በልቶ ወደ ደሴ የሚያልፍበት እንጂ የሚያድርበት ከተማ አይደለም። ይሁንና ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሕይወታቸው የመጨረሻ 14 ዓመታት ውስጥ 12ቱን ያህል የኖሩት በዚያ ነው። አገሩን ያስተዳደሩትም ከዚያው ሆነው፣ መልእክተኛ በመስደድ ነበር።

በውጭ አገርም የሚመስለው ነገር ይታያል። በግብፅ የካይሮ ኑሮ የከበደበት የጽሕፈትና የኮምፒዩተር ሠራተኛ በመንሱራ ወይም በጣንታ ተቀምጦ ለካይሮ ቤት መሥራት ይችላል። መንሱራ በደምያጥ የዓባይ ቅርንጫፍ ዳር ያለች፣ ከካይሮ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ርቀቷም ከደብረ ብርሃን ርቀት ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የባቡሩ ነገር ነው። ካይሮና እስክንድርያ በጣንታ በኩል በባቡር የተገናኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ነው፤ ስለዚህ የግብፅ ሠራተኛ ዋናው ጽሕፈት ቤት በድንገት ቢጠራው በባቡር ይመጣል። የደብረ ብርሃን ሰው ያለው መንገድ አንድ አስፋልት ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሥራው እንመለስ። በአንድ ላኪ ቤት ውስጥ ከሚሠራው ሥራ የትኛው ከተማ ለቆ ሊወጣ ይችላል? ለምሳሌ ሰሊጥና ጥራጥሬ ወደ ውጭ የሚልክ ቤት እንውሰድ። ከገዢው ጋር መጻጻፍ፣ ፕሮፎርማ ማዘጋጀት፣ የውሉን ቃል ማመሳከር፣ የዕቃ ዝርዝርና ደረሰኝ መጻፍ፣ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስን የየወሩን ማስታወቂያ ማዘጋጀት፤ ይህ ሁሉ ጠረጴዛ፣ ኮምፒዩተርና መስመር እንጂ ስታዲየምን አይጠይቅም። ከጥር 2012 ዓ/ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በአንድ መስመር ስላገናኘ፣ ቀድሞ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይዞር የነበረው ወረቀት አሁን በአብዛኛው ሳይዞር ይሄዳል።

እንዲያውም ጸጥ ያለ ቦታ የሚሻ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ኤል ሲ ማመሳከር ነው። በዓለም አቀፉ የሰነድ ክሬዲት ደንብ መሠረት ባንክ የቀረበለትን ሰነድ ለመመርመር እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን ይፈቀድለታል። ሰነዱም በኤል ሲው የተለየ ቃል ከሌለ ዕቃው ከተጫነ ከ21 ቀን ባልበለጠ ጊዜ መቅረብ አለበት። የገዢው ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት፣ ክብደቱ በአንዱ ሰነድ በኪሎ በሌላው በቶን ተጽፎ ባይስማማ፣ ባንኩ ልዩነት አለ ብሎ ክፍያውን ያግዳል። ይህን ዓይነት ስሕተት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን ጥድፊያ ነው፤ ደንበኛ እየገባ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ተላላኪ እየጠየቀ ሰነድ የሚያመሳክር ጸሐፊ ይሳሳታል። በደብረ ብርሃን ቤቱ ዘግቶ የተቀመጠው ግን ሁለት ጊዜ ያነባል።

ከከተማ የማይወጣውም ሥራ እንዲሁ ግልጽ ነው። የመርከብ ጭነት ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዋና ቅጂ ስለሚወጣ፣ ከባንክ የሚቀበለውና ለትራንዚተሩ የሚያስረክበው ሰው በአካል መገኘት አለበት። ዕቃ ሲፈተሽ በሞጆ ወይም በቃሊቲ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ናሙና በእጅ ይዳሰሳል፤ ሰሊጥም በስልክ አይሸተትም። ቼክ ደግሞ ፊርማ ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ማኅተም ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ/ም፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በ2012 ዓ/ም ወጥተዋል፤ በኤሌክትሮኒክ የተላከ መልእክት በዚያ መንገድ በመላኩ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ሕጉ ይጠብቀዋል። በተግባር ግን ደብዳቤ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚመለከተው ክቡ ማኅተም ማረፉን ነው። አንዳንድ ቤቶች ይህን ችግር ለማቃለል ሁለተኛ ማኅተም አስቀርጸው ለሩቁ ሠራተኛ ለመስጠት ያስባሉ። ይህ መደረግ የለበትም። ማኅተም የሄደበት ቦታ ሁሉ የባለቤቱ ቃል እንደ ሄደ ይቆጠራል፤ ሁለት ማኅተም ያለው ቤትም የትኛው ውል በማን እጅ እንደ ታተመ ኋላ በክርክር ጊዜ ማስረዳት ይቸግረዋል። የሚሻለው መንገድ ማኅተሙ በስታዲየም ተቀምጦ፣ በሩቅ የተዘጋጀው ደብዳቤ በዋናው ጽሕፈት ቤት ታትሞ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት እንዲታተምና እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሠራተኛው በቤቱ ስም እንዲፈርም የግድ ከሆነም፣ የተወሰነውን ሥራ ለይቶ የሚጠቅስ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ይሰጠዋል። የአንድ መስኮቱ የይለፍ ቃልም ከማኅተም የማያንስ ነገር ነው፤ ባለቤቱ የሠራተኛውን መግቢያ ከራሱ መግቢያ ሊለይ ይገባዋል።

ስለ ሕጉ ሲነሣ ብዙ ነጋዴዎች «ለእንዲህ ያለው ሥራ ሕግ የለም» ይላሉ። ሕግ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 46 ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ውል ይናገራል። ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረውና ሳይመራው፣ በደመወዝ ለአሠሪው ዘወትር ሲሠራ ይህ ውል እንዳለ ይቆጠራል፤ ውሉም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደ ተደረገ ይወሰዳል። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ምናልባት ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው ነበር፤ ቃሉ ግን ሒሳብ ጸሐፊውንም የሚከለክል አይደለም። በዚህ ውል የሚያሠራ ሰው በአንቀጽ 47 መሠረት መዝገብ መያዝ አለበት። በመዝገቡም የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ ሥራው የሚሠራበት ቦታ፣ ከአሠሪው የተሰጠው ዕቃ፣ የታዘዘው ሥራ ዓይነትና መጠን፣ ሥራው የሚቀርብበት ጊዜና ቦታ፣ የክፍያውም ልክና አከፋፈል ይጻፋሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። አሠሪው ጸሐፊውን ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት በመስመር ላይ አስቀምጦ በየሰዓቱ የሚያዝዘው ከሆነ፣ «ያለ ቀጥታ ቁጥጥር» የሚለው ቃል አይገጥመውም። እንዲህ ያለው ሠራተኛ በሩቅ ይኑር እንጂ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ወሰንም ይጠብቀዋል። ማታ በሦስት ሰዓት የተላከ ትእዛዝ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ውሉን ከመጻፍ አስቀድሞ የሚፈለገው የሰውዬው ሰዓት ነው ወይስ የሥራው ውጤት የሚለውን መለየት ይገባል።

ግብርና ጡረታን በተመለከተ መኖሪያ መለወጥ ስሌቱን አይለውጥም። ለምሳሌ በወር 12,000 ብር የሚከፈለው ጸሐፊ ቢኖር፣ ከእርሱ 7 በመቶ ማለት 840 ብር ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ማለት 1,320 ብር ይጨምራል። በ2017 ዓ/ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ሆኖ ቀሪው ከ15 እስከ 30 በመቶ በየደረጃው ሲሰላ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። ሠራተኛው በእጁ የሚቀበለው 8,910 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በስታዲየም አካባቢም በደብረ ብርሃንም አንድ ነው፤ የሚለየው ከኪራይ በኋላ የሚተርፈው ነው። «ሩቅ ስለሆነ አይታወቅም» ብሎ ያለ ግብርና ያለ ጡረታ በእጅ የሚከፍል ቤት ግን ጥፋቱ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ይገለጥበታል፤ ያልተቆረጠው ግብር ከነቅጣቱ የሚጠየቀው ከአሠሪው ነውና። ደመወዙን መላክ ራሱ አሁን ችግር አይደለም፤ ከባንክ ሌላ ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ/ም ጀምሮ ቴሌብር አለ።

ቤቱ በደብረ ብርሃን ጸሐፊ ማኖሩ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ዕቃ መሸጥ ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ቅርንጫፍ ስለሆነ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የመስመሩ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ/ም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለብዙ ዘመን ብቻውን ሠርቶ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ/ም በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ዓ/ም በአዲስ አበባ አገልግሎት ጀምሯል፤ ስለዚህ የሁለቱም ድርጅቶች መስመር በሚደርስበት ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ሁለት ሲም ካርድ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ ሲደክም በሌላው ይሠራል። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲዘጉ ምን ይደረጋል? በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ/ም በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ስታዲየም ያለውም ደብረ ብርሃን ያለውም እኩል ተቸግሯል። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ/ም ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ግን በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ዘልቋል። በዚያን ጊዜ ሥራውን በሙሉ በአንድ የክልል ከተማ ሠራተኛ ላይ የጣለ ቤት ቢኖር፣ የውጭ ደንበኛው የጻፈለትን ደብዳቤ እንኳ ማንበብ ባልቻለ ነበር። መንገዱም በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን ስላለ፣ ሰውን በመኪና አምጥቶ ማሠራት ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም።

ይህ አደጋ ነገሩን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ የሥራውን አከፋፈል ግን ይወስናል። ሁለት ሰው የሚሠራው ሥራ አንዱ በስታዲየም አንዱ በደብረ ብርሃን ሆኖ ቢካፈል፣ እያንዳንዱም የሌላውን ሥራ ቢያውቅ፣ መስመር ሲቋረጥ ቤቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የመዝገቡ ግልባጭ በየሳምንቱ በስታዲየም መቀመጥ አለበት። ቀነ ገደብ ያለው ኤል ሲ በመጨረሻው ሳምንት በሩቅ ሰው እጅ መገኘት የለበትም፤ የ21 ቀኑ ሒሳብ የመስመር መቋረጥን ምክንያት አድርጎ አይቆምምና።

የመብራቱ ነገር ከዚህ ይቀላል። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ/ም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ሆኖም በሠፈር ያረጀ ትራንስፎርመርና ምሰሶ እስካለ ድረስ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ባትሪው ጥሩ የሆነ ላፕቶፕና አንድ የተጠባባቂ ባትሪ የግማሽ ቀን ሥራ ያሠራሉ። ይህን ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚያሠራ በውሉ ይጻፍ፤ ከአንቀጽ 47 መዝገብ ውስጥ ከሚገቡት አንዱም አሠሪው የሰጠው ዕቃ ነው።

ነጋዴው ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ተፎካካሪም አለ። በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለስታዲየም መሥራት የሚችል ሰው፣ ለናይሮቢ ወይም ለዱባይም ሊሠራ ይችላል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ ላኪዎች ካገኙት ምንዛሪ 50 በመቶውን ይዘው እንዲቆዩ ፈቅዷል። በዚያው መመሪያ ከውጭ አገር ደመወዝ ወይም ሌላ ገቢ የሚያገኝ በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቅዶለታል። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚከፈለው ሠራተኛ ደመወዙ በብር ሲመነዘር በዚያ ሰሞን ብቻ እጥፍ ሊሆንለት ጥቂት ቀርቶታል፤ የስታዲየሙ አሠሪ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ በአንድ ጊዜ መስጠት አይችልም። እንግዲህ ጥሩ ጸሐፊ በርካሽ አገኛለሁ ብሎ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ቤት፣ ርካሹን ዘመን አሳልፎ የመጣ መሆኑን ይወቅ። የሚያገኘው ጥቅም የደመወዝ ቅናሽ ሳይሆን ሳይለቅ የሚቆይ ሰው ነው።

ባለሱቁስ? ባለሱቅ በሱቁ መገኘት አለበት፤ ደረሰኝ የሚቆርጠው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም ከተመዘገበበት ቦታ አይነሣም። ሆኖም ሦስት አራት ባለሱቆች ተባብረው አንድ የሒሳብ ባለሙያ በሩቅ ቢያሠሩ፣ ለእያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚከፍሉት ያንሳል። በየማታው የዕለቱን ማጠቃለያ ደረሰኝና የግዢ ደረሰኞችን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ይበቃል። ዋናው ወረቀት ግን ከሱቁ አይወጣም፤ ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው ፎቶግራፉን አይደለም።

ይህን አሠራር ለመሞከር የሚያስብ የንግድ ቤት ወቅቱን ይምረጥ። የሒሳብ ዓመታቸው ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ቀን ማቅረብ ስላለባቸው፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መዝገብ ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር መከራ ነው። ኅዳር ሲገባ ግን አሮጌው ሒሳብ ተዘግቶ ጠረጴዛው ይቀላል፤ መጀመሪያ የአንድ ሩብ ዓመት የግዢ መዝገብ ብቻ ወደ ደብረ ብርሃን ይላክ፤ በየካቲት መጨረሻም በስታዲየም ካለው ደረሰኝ ጋር ተራ በተራ ይመሳከር።